የሀጂ ከድር አራት ቢጫ መብራቶች

ባለፈው ማክሰኞ በዲላ መናኸሪያ ፊት ለፊት በእግሬ ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። የሚቃጠል የሽቦ ልባስ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ከመኪና ሽቦ ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሽታው ከየት እንደመጣ ሳላይ እግሬ አይሄድልኝም። ዞር ስል ከኢዲዶ መንደር እሸት ቡና የሚያመላልስ አንድ ሞተረኛ፣ የልጆች አባት የሚሆን ጎልማሳ፣ ሞተሩን አቁሞ የፊት መብራቱን በመዳፉ ይመታል። ከፊት መብራቱ ግራና ቀኝ ስድስት ትንንሽ መብራት ደርድሯል፤ ያም አልበቃው ብሎ መሃል ላይ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ትልቅ መብራት ሰቅሏል። ይህን ሁሉ የቀጠለው እንደ ስፌት ክር በቀጠነችው በዋናው መብራት ሽቦ ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ጭነት በአንድ ክር ላይ ሰቅለህ እንዴት አይቃጠል ስለው፣ «ፋዘር፣ ኤልኢዲ እኮ ነው፣ ምንም አይስብም» አለኝ። ስድስቱስ እውነትም አይስቡም። ጉዱ ያለው ትልቁ ላይ ነው።

ሪሌ አድርግበት ስለው፣ ሪሌ ደግሞ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው አቧራው ላይ ቁጢጥ ብዬ በእንጨት እየሳልኩ አስረዳሁት። የመብራቱ ቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሪሌዋ ትእዛዙን ስትሰማ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የመጣውን ኃይል ለተጨማሪው መብራት ትለቅለታለች፤ በዚህ ዓይነት ቀጭኑ ሽቦ ጭነት አይሸከምም። ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጠኝ። እኔ ግን እጄ እየሳለ ልቤ ከዚያ ሄዷል። ይህችን ነገር እኔ ራሴ የተማርኩበት ጠዋት ትዝ አለኝ።

እንዴት ያለ ዘመን ነበር! ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በአሥር ሳንቲም፣ ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ጎፈሬው ከላይ ሰፊ። እኔ ከወናጎ መጥቼ ዲላ ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ከፍቼ ነበር። ቱታዬ ሰማያዊ ሲሆን ደረት ኪሴ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ካቻቢቴና አንድ ሚዶ አይጠፋም፤ ካቻቢቴዋ ለሥራው፣ ሚዶው ለጎፈሬው። ከጎኔ ያለው ሙዚቃ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የካሴት ዘፈን ይለቃል፤ ዘፈን መስማት የማይወዱት የኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልጆች ሲያልፉ ባለቤቱ በይሉኝታ ድምፁን ይቀንስላቸዋል፤ አልፈው ሲሄዱ መልሶ ይጨምረዋል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ ሞባይል ይሸጣል። ስልክ ልገዛ ገብቼ እዚህ ጋ እኮ የኔ የሥራ ጠረጴዛ ነበር ብላት ሻጯ ልጅ ትክ ብላ አየችኝ።

የዚያን ጊዜ የሹፌሩ ሁሉ በሽታ መብራት ነበር። የጌዴኦ ጉም እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ከይርጋጨፌ ወዲያ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ከወረደ አፍንጫህን አያሳይህም። ስለዚህ መኪና ያለው ሁሉ ከፋብሪካው የመጣለት ሁለት መብራት አልበቃ ብሎት ሌላ ያስጨምራል። መኪና በታርጋው ሳይሆን በዓይኑ ነበር የሚታወቀው። ወናጎ ዳገቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ ከታች የሚመጣውን መኪና መብራት ቆጥሮ፣ ባለ አራት ዓይኑ መጣ፣ ባለ ስድስት ዓይኑ መጣ ይል ነበር። እነዚያን ዓይኖች አብዛኞቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ስሜ እስከ ፍስሐ ገነት ደርሶ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ ትንሽ ባጋንንም በዚህ ዕድሜዬ ማን ይከሰኛል?

አስቴር እንግዲህ በጋራዤ በር ነበር የምታልፈው። የፍስሐ ገነት ልጅ ናት፤ ዲላ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች፤ ረቡዕና አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ መዝሙር ልምምድ ትሄዳለች። ሽንሽን ቀሚስ፣ ነጭ ሹራብ፣ ደረቷ ላይ የታቀፈችው የመዝሙር ደብተር። እኔ ደግሞ ልክ እሷ ስትመጣ አንድ የሆነ መኪና መብራት መፈተሽ ይኖርብኛል። አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። ለሁለት ወር ያህል እንዲህ ስሠራ ከርሜ አንድ አርብ በሩ ላይ ቆመችና፣ «በጠራራ ፀሐይ ይሄን ሁሉ መብራት የምታበራው ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በእጄ የያዝኩት ፒንሳ ወድቆ እግሬን መታኝ፤ እሷም ሳቋን እያፈነች ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አላወራም፤ ብዙ ደብዳቤ፣ ጥቂት ሻይ። ዋናው ነገር አንድ ሐሙስ ቀን አስቴር ፊቷ ተለዋውጦ መምጣቷ ነው። የአንድ ቡና ነጋዴ ቤተሰብ ለልጃቸው ሊጠይቋት እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌ ይልካሉ። አባቷ አቶ ዳካ ቃላቸውን ከሰጡ የማያጥፉ ሰው ናቸው። እኔ የምልክ ከሆነ ሽማግሌዎቼ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሊከፍቱ ከቤት ሳይወጡ በር ላይ መቆም አለባቸው። ከዘገዩ ግን ይህ ነገር እዚህ ላይ አበቃ ማለት ነው። ይህን ነግራኝ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ሄደች።

ሮጬ የሄድኩት ሀጂ ከድር ዘንድ ነው። ሀጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ከሰው ሁሉ ጋር የሚግባቡ፣ ላንድክሩዘራቸውን ራሳቸው የሚነዱ። የኛ ሃይማኖት ሌላ፣ የሳቸው ሌላ፤ ግን በከተማው እርቅ ያለ ሀጂ ከድር ተቀምጦ አያውቅም። ነገሩን ስነግራቸው፣ ወላሂ እኔው ራሴ እነዳለሁ አሉ። አጎቴ ሮባን ከወናጎ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ጨመርን። ሀጂ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ በዚያ ጉም ውስጥ የሚነዱበት መብራት።

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ቢጫ መብራት ፊቱ ላይ ደረደርኩላቸው። እንዴት ያምሩ ነበር! ችግሩ ዲላ ውስጥ ያን ቀን ሪሌ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ነው። እኔም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ አራቱንም በቀጥታ ሩቅ በሚያሳየው በረጅሙ የፊት መብራት ሽቦ ላይ ቀጠልኳቸው። ሳበራው ፊውዙ ጥው አለ። ቀየርኩት፤ አሁንም ጥው። ያኔ ዲላ ውስጥ እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶ መሰካት። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅኩ ጠቀለልኩት። አራቱ መብራቶች ቦግ ሲሉ የሠፈሩ ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ልጅ የሚጠይቅ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን ያን ሌሊት ያንን ብርማ ወረቀት እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሊነሱ ሲሉ ደርሼ፣ ሀጂ፣ ከኋላ ሸራው ሥር ልተኛ፣ መንደሩ ጋ ሳንደርስ ያወርዱኛል ብዬ ለመንኳቸው። አጎቴ ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። ሀጂ ስቀው፣ ይተኛ፣ ማንም አያየውም አሉ።

እስከ ይርጋጨፌ እንደ ንጉሥ ነው የሄድነው። ከሸራው ሥር አንገቴን ብቅ አድርጌ አያለሁ፤ ቢጫው ብርሃን ጉሙን እየገፈፈ የእንሰቱን ቅጠል አንድ በአንድ ያሳየናል። ሀጂ በደስታ ብዛት ከአጭሩ መብራት ረጅሙ ላይ አድርገው መልሰው አላወረዱትም። ፍስሐ ገነት ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ያ ሽታ መጣ። ወዲያው ከክሩስኮቶው ሥር ጭስ ተነሣና መብራት የተባለ ሁሉ፣ የኔም የፋብሪካውም፣ በአንድ ጊዜ ድርግም አለ። ሀጂ ፍሬን ያዙ። ዝናብ ያበሰበሰው ቀይ ጭቃ ስለነበር መኪናው ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። አጎቴ ሮባ አቋራጩን የእግር መንገድ ያውቀዋል፤ ሀጂ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እኛ በእግር እንደርሳለን፣ አንተ መኪናውን ተመልከት፣ ሰውም አይይህ አሉኝና ሦስቱም ጉሙ ውስጥ ገቡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከላይ ቡና የጫነ መኪና ቁልቁል ቢመጣ እዚህ መታጠፊያ ላይ የቆመ መኪና ሊያይ አይችልም። ለመግፋት ብሞክር ንቅንቅ አላለም። ኮፋኖውን ከፍቼ በጨለማ በእጄ ስዳብስ፣ ዋናው የመብራት ሽቦ እስከ ማብሪያው ድረስ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ያንን እዚያ ላይ የሚጠግን ሰው አልተፈጠረም።

ይኼኔ ነው ከላይ በመኪና መንገዱ አንድ የእጅ ባትሪ እየተወዛወዘ ሲመጣ ያየሁት። ቀጭን ረጅም ሰው፣ ካፖርት የለበሱ፣ ላስቲክ ቦቲ ያደረጉ፣ ብብታቸው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ። አቶ ዳካ ነበሩ። አንድ ጊዜ ዲላ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ከሩቅ አይቻቸው ስለነበር ወዲያው አወቅኳቸው። ሽማግሌዎቼ በአቋራጩ ወደ ቤታቸው እየወጡ፣ እሳቸው በመኪና መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወረዱ ተላልፈዋል። እኔን አያውቁኝም፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

«መኪናዋ ምን ሆነ?» አሉኝ፣ በጌዴኦ ቅላጼ ረጋ ብለው።

መብራቱ ተቃጥሎ ነው አልኳቸው። ወደ ዳገቱ ቀና ብለው ጆሯቸውን ጣሉ። ይሄ ቦታ መጥፎ ነው፣ ከላይ መኪና ከመጣ አደጋ ነው አሉና፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ባትሪውን ከእጄ በላይ አበሩልኝ። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ሪሌ የለም። ሪሌ የለም? አለ እንጂ! የመኪናው ክላክስ ራሱ የሚሠራው በሪሌ ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ያገኛል፤ ከተቃጠለው ሽቦ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ወደ ጥሩንባው የሚሄደውን ሽቦ ነቅዬ በቦታው የአራቱን መብራቶች ሽቦ ብሰካ፣ ክላክሱን የሚጫን ሰው ድምፅ በማውጣት ፈንታ መብራት ያበራል። ይህ ሲገለጥልኝ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የጋራዤን ጠረጴዛ፣ ብርዱን፣ የቆምኩበትን ጭቃ ሁሉ ረሳሁ።

የቀለጠውን እየቆረጥኩ ስጥል አቶ ዳካ ባትሪውን ወደ ፊውዙ ዝቅ አደረጉት። ብርማው ወረቀት ጠቁሮ ተጨማዷል።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

እጄ ቆመ። ባለቤቱ ሲገዙት እንዲሁ ነበር ማለት እችል ነበር። ሌላ ጋራዥ ነው ብልም ማን ያውቃል? በዚያች ሰዓት ሽማግሌዎቼ የሰውዬው ሳሎን ደርሰው ይህ ልጅ በሥራው እንከን የለውም ሊሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። እኔ ነኝ ካልኩ፣ ልጅ ጠያቂው በገዛ እጁ ሽማግሌዎቹን ገደል አፋፍ ላይ ያቆመ ሰው ሆነ ማለት ነው። ግን ባትሪውን ይዘውልኝ በዚያ ብርድ ቆመው ሳይ ልዋሻቸው አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ፊውዙ ሁለቴ ሲቃጠልብኝ ወረቀት ጠቀለልኩበት። ስሕተት መሆኑን አውቅ ነበር። ቸኩዬ ነው።»

«ለምን ቸኮልክ?»

«ዛሬ ጠዋት ስለ እኔ የሚለምኑ ሰዎች አሉ። መንገዱ እንዲበራላቸው፣ ሲደርሱም እንዲያምርባቸው ብዬ ነው።»

ባትሪው ከሽቦው ላይ ተነሥቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆይቶ ብርሃኑ ተመልሶ እጄ ላይ ወረደ። ሥራህን ጨርስ አሉኝ።

ሽቦውን በጥርሴ ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ ሳበቃ ከላይ የጭነት መኪና ድምፅ ተሰማ። ጉሙ ድምፁን ስለሚያፍነው ሩቅ ይሁን ቅርብ አይታወቅም። አባባ፣ መሪው ላይ ይቀመጡና ክላክሱን ይጫኑት፣ እንዳይለቁት አልኳቸው። በዚህ ሰዓት ክላክስ ሰው ይቀሰቅሳል ብለው አመነቱ። አሁን መብራት ነው እንጂ ክላክስ አይደለም ብዬ ጮህኩ፤ ትልቅ ሰው ላይ በሕይወቴ የጮህኩት ያኔ ብቻ ነው። ገብተው ተጫኑት። አራቱም ቢጫ መብራቶች ቦግ ሲሉ ጉሙ ወርቅ መሰለ! ያ የጭነት መኪና ከመታጠፊያው ላይ ፍሬኑ እያፏጨ፣ ጎማው ጭቃውን እያረሰ፣ ከኔ አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ቆመ። አቶ ዳካ እጃቸውን ከክላክሱ ላይ አላነሡም፤ ሹፌሩ ወርዶ ሁለታችንንም እስኪሰድበን ድረስ ተጭነውት ነበር።

ከሹፌሩ ጋር ሆነን መኪናውን ጥግ አስያዝነው። እየነጋጋ ነው። አቶ ዳካ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አነሡ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ለጭነት መኪናው ሹፌር ሰጥተው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚጠብቅ ሰው እንዲያደርስላቸው አደራ አሉት፤ እኔን እዚሁ ቆይ አሉኝና ወደ መጡበት፣ ወደ ቤታቸው፣ ተመለሱ።

አቶ ዳካ ቤት ውስጥ የሆነውን ሀጂ ከድር ነፍሳቸውን ይማረውና እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት ኖረዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም ብለው ቆመዋል። አቶ ዳካ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲገቡ ሀጂ ወዲያው ንግግራቸውን ጀመሩ። ይህ ልጅ እጁ የነካው ነገር ተበላሽቶ አያውቅም፣ ጥንቁቅ ነው፣ በዲላ ምድር ስሕተት ሠራ የሚለው ሰው የለም እያሉ አወደሱኝ። አጎቴ ሮባ በየቃሉ እውነት ነው ይላል። አቶ ዳካ እስኪጨርሱ በጨዋነት ሰሟቸውና እንዲህ አሉ።

«እናንተ የምትሉትን ሰው አላውቀውም፤ ለእሱ የምሰጠው ልጅም የለኝም። ታች መንገድ ላይ ያለው ልጅ ግን መኪናችሁን ያቃጠለው እሱ መሆኑን በአፉ ነግሮኛል። ስለ እሱ ከሆነ የመጣችሁት፣ አስቴርን ልጠይቃት።»

እሷንም እዚያው ጠርተው በጌዴኦፋ ጠየቋት። እሷም በጌዴኦፋ መለሰች። ሀጂ ቋንቋውን ስለማያውቁ ምን እንዳለች አልገባቸውም፤ አጎቴ ሮባ ደግሞ አቀርቅሮ ስለነበር ፊቱን ሊያነቡት አልቻሉም።

እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ! ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ተጀመረ። የቡና ነጋዴው ሽማግሌዎች የሚመጡበት ሰዓት እየቀረበ ነው ማለት ነው። አንድ መኪና ከታች ድምፁ ሲሰማ፣ በቃ እነሱ ናቸው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አፌን ምን አስከፈተኝ? ሌላ ጋራዥ ነው ብል ምን ነበረበት? እያልኩ ራሴን ስራገም፣ በአቋራጩ መንገድ፣ በእንሰቱ መሃል፣ የሰው ኮቴ ሰማሁ። አስቴር ነበረች። በአንድ እጇ ውሃ የሞላ ጆግ፣ በሌላው ሳህን ይዛለች፤ ሳህኑ ላይ ሳሙናና አንድ እፍኝ አመድ አለ። ፊቷን ለማንበብ ብሞክር ምንም አይነበብም።

እጅህን ዘርጋ አለችኝ። ዘረጋሁ። እስከ ክርኔ ድረስ ጥላሸት ነው። እሱን እያየች፣ አባቴ እጁን ታጥቦ ይግባ ብሏል አለች። ይግባ ያሉት ሊቀበሉኝ ይሁን ፊት ለፊት ሊመልሱኝ አልገባኝም።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኳት።

«ቁጭ ብለዋል» አለችኝ። «ቁርስ እየበሉ ነው።»

ከዚያ አመዱን በመዳፌ ላይ ነስንሳ ውሃውን ማፍሰስ ጀመረች።